በአንድ እጅ የሚመታ

እኔ አናጢ ነኝ። በር፣ ቁምሳጥን፣ አልጋ እሠራለሁ። የሠራሁት በር ሲዘጋ ሲጢጥ አይልም፤ ጉራ ነው የሚል ካለ መጥቶ ይዝጋው። የአባቴን ማንዶሊን ፈትቼ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ ስል ግን ሰው ሁሉ እንደ ወንበዴ አየኝ።

ማንዶሊኑን የሠራው አያቴ ነው። ስምንት ክር አለው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጡ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወትበት ኖሯል። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ያዘውና ግራ እጁ አልታዘዝ አለ። ግራ እጅ ክሩን ካልተጫነ ደግሞ ማንዶሊን ዜማ የለውም። አባዬ መሣሪያውን ቁምሳጥን አናት ላይ አስወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈን ሲወራ እንኳ ይቆጣል። ቤታችን ጭር አለ። እኔ ጭርታውን መቻል አቃተኝ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጥንዶቹን ክሮች አለያይቼ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው ባደርግ፣ መጫን የሚባል ነገር ይቀራል። ጭን ላይ አስተኝቶ በቀኝ እጅ ብቻ መምታት ነው። ማንዶሊን መሆኑ ቀርቶ ሌላ መሣሪያ ይሆናል።

ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጮኸብኝ።

«የአያታችንን ቅርስ ልትገዘግዢው ነው? ደግሞስ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ሲባል አልሰማሽም?»

«ማን አጨብጭብ አለው?»

የአባዬ መልስ አጭር ነበር። «አይነካም።»

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ያኔ ገባኝ። ተከራክሬ እንደማልረታው ስለማውቅ፣ ከተረፈ ጣውላ ሳጥን ገጣጥሜ ስምንት ክር ወጠርኩበት፣ በስልኬ መቃኛ እየታገዝኩ ቃኘሁት፣ አልጋው አጠገብ ትቼለት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ለምሳ ስመለስ ከበር ውጭ ትን፣ ትን ሲል ሰማሁ። ስገባ አባዬ እጁን ሰበሰበ።

«የማን ቅኝት ነው ይሄ?» አለኝ ፊቱን አጨማዶ።

«የስልኬ።»

«ስልክሽ ጆሮ የለውም። ሦስተኛዋን ዝቅ አድርጊያት።»

ዝቅ አደረግኳት። አንድ ዜማ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። «ይሄ የሚስማር ሳጥን ነው፤ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል።» ከዚያ በአገጩ ወደ ቁምሳጥኑ አናት አመለከተኝ። «አውርጂው። እኔ እያየሁ ግን።»

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ አባዬን ከነማንዶሊኑ በመኪናው ወርክሾፔ ድረስ አምጥቶት ሄደ። አባዬን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ሥራ ጀመርኩ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ክሮቹ የሚያርፉበትን ጠባብ እንጨት አንስቼ በሰፊ መተካት አለብኝ፤ እሱ ደግሞ አያቴ እንደ ወረቀት ካሳሳው የፊት ገበታ ጋር በሙጫ ተጣብቋል። ገበታው ከተሰነጠቀ አለቀ፣ ሌላ የለንም። ማንኪያ አግዬ ሙጫውን አላላሁና ስስ ቢላ አስገባሁ። ቀጭ አለ። ቢላዋውን አቆምኩ።

«ሙጫው ነው» አለ አባዬ ዓይኑን እንደጨፈነ። «እንጨት ሲሰነጠቅ እንደዚያ አይልም። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ፤ እንጨቱ ገበታውን ሳይጭር ተነሣ። አዲሱን ከጠንካራ እንጨት ጠርቤ፣ ስምንት ቦይ አራርቄ አወጣሁበትና አጣበቅኩት። ሙጫው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ አባዬን መልሶ አመጣልኝና ክሮቹን ከወፍራም ወደ ቀጭን ወጠርኳቸው። ቃኚው እሱ ነበር። እኔ መቃኛውን አጠመዝዛለሁ፣ እሱ «ትንሽ… ትንሽ… በቃ!» ይላል።

ጭኑ ላይ አስተኛሁለት። ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ የመሣሪያው ገላ ላይ አሳረፈው።

«ንዝረቱ ይሰማኛል» አለ መታ መታ አድርጎ። ከዚያ ያን ቀን መሃል ላይ የተወውን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ኮራሁ። በሠራሁት በር ሁሉ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ሁለተኛውን ዜማ ሲጀምር ወንድሜ ሊወስደው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ እንሂድ እንጂ። መኪናው መንገድ ዘግቷል።»

አባዬ መምታቱን አላቆመም።

«ይዝጋ። ቁጭ በልና እህትህ የሠራችውን ስማ።»