ቲቸር የሌሉበት ኮንሰርት

ኳየሩ ሃያ አራት ወጣቶች ነበሩት፤ አንዳቸውም ከአገር ወጥተው አያውቁም። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ድንበር ተሻግረው፣ በመጀመሪያው ከተማ አምሮላቸው ዘመሩ። ሁለተኛው ከተማ በደረሱበት ቀን ግን አሠልጣኛቸው፣ ሁሉም «ቲቸር» የሚሏቸው ሴትዮ፣ ምሳ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ትርፍ አንጀት ነው ተባለና በዚያው ከሰዓት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ደህና ናቸው፤ እስከ ማግስቱ ማታ ግን ሰው አይገባም አሉ ነርሶቹ። ኮንሰርቱ ደግሞ በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ጠዋት ቁርስ እየበሉ ሳለ የአዳራሹ ኃላፊ አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው ነው።

«መሪያችሁ ስለታመሙ ኮንሰርቱን ለሌላ ዓመት እናስተላልፈው ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው።

ልጆቹ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ሹፌሩ እንኳ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ያኔ ሹካ የሚሏት ልጅ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እንዘምራለን በልልኝ» አለች።

ሹካ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሃያ አራቱንም ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ነች። ቲቸር ዜማ ከመጀመሩ በፊት ድምፅ የሚይዙባት፣ ሲመቷት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የምታወጣ ትንሽ የብረት ሹካ አለቻቸው። አንድ ቀን ቤት ረስተዋት ሲመጡ ይቺ ልጅ ድምፁን ከጭንቅላቷ አውጥታ ሰጠች። በማግስቱ ከብረቷ ጋር ሲያስተያዩት ልክ ያው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እናቷም ጭምር ሹካ ነው የሚሏት።

ኃላፊው «እሺ፣ ልምምዳችሁን ግን አያለሁ» ብሎ ሲሄድ ወንድሟ ኮሪደር ላይ ያዛት። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ባስ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይዘምራል፤ ድምፁ ከምድር በታች የሚመጣ ስለሚመስል በርሜል ይሉታል።

«ማን ሾመሽ?»

«ማንም። አንተ መምራት ትፈልጋለህ?»

«እኔ ምን በወጣኝ።»

«እንግዲያው ተወኝ።»

«ታላቅሽ ነኝ እኮ።»

«ቤት ስንገባ ታላቄ ትሆናለህ። ኮንሰርቱ እስኪያልቅ ድረስ ባስ ነህ።»

በርሜል ሳቁን ዋጠና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እናያለን» ብሏት ሄደ።

አራት ሰዓት ላይ ለልምምድ አዳራሹ ገቡ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውን ለማየት አንገትን ማቅናት ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ዜማ፣ ያንን ፈጣኑን፣ እንደለመዱት ጀመሩት። ድምፃቸው ሄዶ ግድግዳውን ነካና ተመልሶ በሚቀጥለው ቃል ላይ ወጣበት። ከአራት ስንኝ በኋላ ነገሩ ገንፎ ሆነ።

«እዚህ ውስጥ ሌላ ኳየር አለ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። የሳቀ የለም። ኃላፊው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።

ሹካ ወደ መድረኩ መሐል ወጥታ አንድ ጊዜ አጨበጨበችና ድምፁ እስኪጠፋ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ አጨበጨበች፤ ያው ሦስት ሰከንድ ተኩል መጣ።

«አዳራሹ ሳይጨርስ እየቀደምነው ነው» አለች። «ፈጣኑን ከፕሮግራሙ እናወጣዋለን። ሌሎቹን አዘግይተን እንዘምራቸዋለን። ባሶች ወደ መጨረሻው ረድፍ ሂዱ፤ በግማሽ ድምፅ።»

«ዜማው ከዘገየ ይሞታል» አለ በርሜል። «ደግሞ እኔ ድምፄን አፍኜ ልዘምር?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ና ውረድ፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስማን።»

እያጉረመረመ ወረደ፤ ከኃላፊው አጠገብ ተቀመጠ። ሃያ ሦስቱ አንድ ዜማ ዘመሩለት። ሲጨርሱ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ።

«ግማሽም ይበዛል» አላቸው ባሶቹን። «የሴቶቹን ቃል እየበላነው ነው። ሩብ እናድርገው።»

ሹካ ፊት ለፊት ቆማ እጅ ማወዛወዝ አልፈለገችም። የማታውቀውን እንደማታውቅ ታውቃለች። የፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ቆመች፤ ሁሉም ትከሻዋን እንዲያይ ትንሽ ዞር አለች። «ስተነፍስ ተንፍሱ፤ ሌላ ምልክት የለም» አለች። እስከ ስምንት ሰዓት ትንፋሽ ብቻ ተለማመዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሹካ ጥጓ ላይ ሆና ድምፁን አጥርታ ሰጠች። ሃያ አራት ትከሻ አብሮ ተነሣ። የመጀመሪያው ቃል ሄደ፣ ከጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ፣ ተመለሰ፤ ጠበቁት፤ ሁለተኛውን ቃል በላዩ ላይ በቀስታ አኖሩት። አዳራሹ አሁን አብሯቸው ይዘምር ነበር። ሦስተኛው ዜማ ላይ ብቻዋን የምትዘምረው ልጅ ደንግጣ አንድ ስንኝ ዘለለች። ሹካ ዓይኗን ሳታንቀሳቅስ ትከሻዋን አነሣች፤ ሃያ ሦስቱም አብረው ዘለሉ። ከሕዝቡ ያወቀ አልነበረም።

ሲጨርሱ ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ኃላፊው ክራባቱን ላላ አድርጎ ወደ መድረኩ መጣ፤ የመራውን ሰው መጨበጥ እፈልጋለሁ አለ። በርሜል ከመጨረሻው ረድፍ ሰው እየገፋ ወርዶ እህቱን በትከሻዋ ይዞ ወደፊት አወጣት።

«ታናሼ ናት በለው» አለው አስተርጓሚውን።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄዱ። ቲቸር ትራስ ተደግፈው የሹፌሩን ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገዋል፤ ሰውዬው ከዳር ቆሞ ኮንሰርቱን ቀድቶት ኖሯል።

«ሁለተኛው ዜማ ዘግይቷል» አሉ።

«አዳራሹ ነው ቲቸር። ሦስት ሰከንድ ተኩል ያስተጋባል።»

«ሰምቻለሁ። ደግ አደረግሽ። ሦስተኛው ላይ ስንኝ የዘለለችው ማናት?»

ሃያ አራቱም ጣሪያውን አዩ። ቲቸር ሳቅ ሲመጣባቸው ሆዳቸውን ያዙ። «አታስቁኝ፤ ስፌቱ» አሉ። ቀጥለውም «ሐኪሙ ለሦስተኛው ከተማ አልፈቀደልኝም። አንቺ ነሽ የምትወስጃቸው» አሏት።

«እሺ» አለች ሹካ። «የዚያኛው አዳራሽ ድንጋይ ነው እንጨት?»

«እንጨት። ደረቅ ነው፤ ስህተት አይሸፍንም።»

ሹካ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ስምንት ሰዓት ላይ ልምምድ አለ። ፈጣኑን እንመልሰዋለን።»

«ሰምታችኋል» አለ በርሜል፤ ቀድሞም በሩን ከፈተ።