ከስምንት በኋላ

እንግዳው የካ ተዳፋት ላይ እመት ሸዋረጋ ቤት ታሞ ሲገባ ነሐሴ መባቻው ነበር። ከባሕር በር የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከበቅሎ አውርደው ደጃፏ ላይ አስቀመጡትና "ነገ እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። ቀይ ጢም ያለው፣ በንዳድ የሚንቀጠቀጥ ፈረንጅ ነው። አገሩን የሚያውቅ አልተገኘም። እንጦጦ ላይ ከሰፈሩት ፈረንጆች ጣሊያኑም ፈረንሳዊውም በየተራ መጥተው አነጋገሩት፤ ሁለቱም "የኛ ሰው አይደለም" ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ዲንሳ ተጠራ። ዲንሳ በልጅነቱ ፊንፊኔ በነበረው የካቶሊኮች ሚሲዮን ያደገ፣ ለቅስና ታጭቶ ላቲን ሲማር የቆየ ሰው ነው። አባቶቹ ከአገር እንዲወጡ ሲታዘዝ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ አሁን ለነጋዴዎች እያስተረጎመ ያድራል። በላቲን የሚያናግረው ሰው ስላጣ መንገድ ለመንገድ ብቻውን ያነበንበዋል።

እሱም ቢሆን ከበሽተኛው ንግግር የሚይዘው አጣ። የሚያውቀው ቤት ውስጥ በጨለማ የገባ ያህል፣ ሁሉም ነገር ቅርብ ሆኖ ምንም አልጨበጥ አለው። ቢሆንም በየጠዋቱ እየመጣ መደቡ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

ሸዋረጋ ፍልሰታን እየጾመች ነበር። ፈረንጅ አይጾምም ብላ ግን ለሱ በለየችው ድስት የዶሮ መረቅ ትሠራለታለች። የመጀመሪያውን ሳምንት እያመሰገነ ጠጣ። ነሐሴ ስምንት ጠዋት ግን ጣባውን በእጁ ገፋ አደረገና አንድ ጣቱን አነሣ።

"ኡኑ" አለ።

ዲንሳ ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። "ኡኑስ!"

"ምን አለህ?" አለች ሸዋረጋ።

"አንድ አለኝ፣ እሜቴ! በላቲን ኡኑስ፣ አንድ ማለት ነው!"

"አንድ ምን?"

ዲንሳ አልሰማትም።

በማግስቱ በሽተኛው መረቁን ገፍቶ ሁለት ጣት አነሣ፤ "ዶይ" አለ። በሦስተኛው ቀን "ትሬይ።" ሸዋረጋ ጣባውን ይዛ እየወጣች "ሕመሙ ጸናበት፤ ከተልባ በቀር የሚወርድለት ነገር የለም" ትላለች። ዲንሳ የሚቀጥለውን ቁጥር በጉጉት ይጠብቃል። በአራተኛው ቀን "ፓትሩ" ሲባል ግን መቀመጥ አልቻለም። በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ፤ መምሬ ወልደ ሐዋርያትን ከቅጽሩ በር ላይ አገኛቸው።

"ምን ሆነህ ነው? ጅብ ነው የሚያባርርህ?"

"መምሬ፣ ላቲኑ ኳቱኦር ነው። ጣሊያኑ ኳትሮ ይላል፣ ፈረንሳዩ ካትር። የኛ ሰውዬ ደግሞ ፓትሩ! የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ይሄኛው ብቻ ርቆ ያደገ ነው።"

መምሬ ሳቁ። "እንደኛው ነዋ። ግዕዙ ሠለስቱ ይላል፤ ትግሬው ሰለስተ አለው፤ እኛ ከፊትም ከኋላም ጎማምደን ሦስት አልነው።"

"እሱን ነው የምልዎት!"

"እናቲቱ ታዲያ ሮማ ናት በለኛ፣ አንተ የሮማ ቅሪት።"

"ሮማ ናት" አለ ዲንሳ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከሚሲዮኑ መዘጋት ወዲህ አንድ የሚያውቀውን ነገር ሰው ሲያዳምጠው የመጀመሪያው ነበር።

"ቺንች" መጣ፤ "ሻሴ" መጣ፤ "ሻፕቴ" መጣ። በስምንተኛው ቀን ድምፁ አልወጣ ብሎት በከንፈሩ ብቻ "ኦፕት" አለ። ዲንሳ ጆሮውን አፉ ላይ ደቅኖ ነበር። ላቲኑ ኦክቶ፣ ጣሊያኑ ኦቶ፣ ፈረንሳዩ ዊት፤ እዚህ ደግሞ ኦፕት፤ እያለ በሐሳቡ ሲያሰላስል፣ የተነሡት ጣቶች ቀስ ብለው ደረቱ ላይ ወረዱ። ቀና ሲል ሰውየው ሞቷል።

ሸዋረጋ በራሷ ነጠላ ገነዘችውና መምሬን አስጠራች። "የክርስቲያን መሬት ይስጡት፤ እንግዳዬ ነው።"

"የሮማ ሰው ነው፣ ልጄ። ከቅጽሩ ውስጥ አይገባም።"

"የሮማ መሆኑን ማን ነገረዎት?"

መምሬ ወደ ዲንሳ ዞሩ። ዲንሳ አንገቱን ደፋ። "ቋንቋው ነው እንጂ ሃይማኖቱ እኮ..." አለ። "እስላሙም በአማርኛ ይቆጥራል፣ መምሬ።"

"ታዲያ እምነቱን የሚናገርልኝ ማን አለ? የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው።"

ከቅጽሩ ውጭ፣ ከጥዶቹ በታች ቀበሩት፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመሩበት።

በማግስቱ ፍልሰታ ተፈታ። ሸዋረጋ ለዲንሳ ወጥ አቀረበችለትና እሷ ሳትቀምስ ተቀመጠች። "ያን ሁሉ መረቅ ለውሻ ደፋሁት። ሲጠጣልኝ ከርሞ፣ ያን ቀን 'አንድ' ካለ ወዲያ አንድ ጉንጭ አልቀመሰልኝም። የጾም ቀን የሚቆጥር መነኩሴ ይመስል።"

የዲንሳ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

የሚሲዮን አባቶች ገናን ቀድመው ያከብሩ እንደነበር ትዝ አለው። የሁሉም አገር ቀን እኩል አይገባም። በዚህ ሰው አገር ፍልሰታ የሚገባው ከኛ ሳምንት ዘግይቶ ቢሆንስ? በሮማ ሥርዓት ደግሞ የፍልሰታ ጾም የለም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ ተራራ ላይ አልነበረም። ስምንት ጠዋት ሙሉ ሰውየው ማንነቱን በጣቱ ሲነግረው፣ እሱ የቃሉን ድምፅ ሲለቅም ኖሯል።

ሮጦ መምሬ ዘንድ ወጣ። መምሬ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ፊታቸው ተለወጠ፤ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ምስክር አለህ?"

"ቁጥሩ ነው ያለኝ።"

"በዚያው ቁጥር ለሮማ መሰከርክ። ዛሬ ለማርያም ትመሰክርበታለህ?" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "እኔስ ለደብሩ ምን ብዬ አስቆፍራለሁ? ሂድ፣ ልጄ። ሂድ ተወኝ።"

ዲንሳ ወደ ጥዶቹ ወረደ። ዝናቡ ድንጋዮቹን አጥቧቸዋል። በሟቹ ቀን አቆጣጠር ጾሙ ገና አልተፈታም፤ ዛሬ ዘጠነኛው ነው። ሌላው እንኳ ቢቀር ይህን ሊቆጥርለት አሰበ። ኖቬም ይላል ላቲኑ። ጣሊያኑ ኖቬ፣ ፈረንሳዩ ነፍ። አፉን ከፈተ፤ የሚወጣው ግን የሌሎቹ ነው። የዚህን ሰው ዘጠኝ የሚነግረው አልነበረም።