ሁለት ፊርማ

"ሳመው እንጂ! ምን ይገትርሃል?" አሉ አዘጋጇ ዶኛ ኤውላሊያ ከመድረኩ ግርጌ።

ፊሎጎኒዮ ቢጫውን የይሁዳ ቀሚስ እንደለበሰ ቆሞ ቀረ። ይሁዳን ሲጫወት አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ እንኳ ሲያናድዳት በዚሁ ስም ትጠራዋለች። የዘንድሮው ክርስቶስ ደግሞ ፊሎጎኒዮ ሾፌር ሆኖ የሚሠራበት የጡብ ማምረቻ ባለቤት ልጅ ኤቮዲዮ ነው። በሰፈራችን የስቅለት ትርዒት ክርስቶስ የሚሆነው ሰው ነውር እንደሌለበት ሦስት ጎረቤት ይፈርምለታል። ከሦስቱ አንዱ ፊሎጎኒዮ ነበር።

"ይስመዋ! ምን ያፍራል?" አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

ካሲሚራ ናት፣ የጡብ ሠራተኛው የናቦር ሚስት። ኅዳር ላይ ኤቮዲዮ ሰክሮ የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የናቦርን እግር ጨፈለቀው። ፊሎጎኒዮ አጠገቡ ቆሞ አይቷል። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲጠየቅ ግን "የሰከረው ናቦር ነው" ብሎ ፈረመ።

"ካሲሚራ፣ ልምምድ ላይ ነን እኮ" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ።

"እኔም ልምምድ ላይ ነኝ! ባሌን ተሸክሞ ሽንት ቤት የማድረስ ልምምድ። ይኸ የእናንተ ጌታ ግን በሁለት እግሩ ይንጎራደዳል!"

ኤቮዲዮ የእሾህ አክሊሉን እያስተካከለ ሣቀ። "ጋሽ ፊሎ፣ ቶሎ በል እንጂ። ሳመኝና ራስህን ሰቅለህ እንገላገል፤ ፀሐዩ ጨረሰን።"

የፊሎጎኒዮ ደም ፈላ። ንዴቱ በልጁ ላይ ነበር፤ ይበልጡን ግን በራሱ ላይ።

"በየዓመቱ ተጸጽቼ እሰቀላለሁ" አለ። "እናንተም ታለቅሳላችሁ። ከዚያ ከገመዱ ወርጄ የበቆሎ ታማሌዬን እበላለሁ። ይኼ ምን የሚሉት ንስሐ ነው?"

"ሥራህን አስብ፣ አንተ ሰውዬ!" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እሱን አስቤ እኮ ነው አምስት ወር የዋሸሁት።" ወደ ካሲሚራ ዞረ። "የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እስከ ዘጠኝ። አብሬህ እሄዳለሁ፤ ይቅር ብዬህ ግን እንዳይመስልህ።"

"መች ጠየቅሁሽ?"

ከነቀሚሱ ሚኒባስ ተሳፈረ። ተሳፋሪው እየተጠቋቆመ ሲስቅ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ቢሮ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና ሣቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ከሳሽ ነዎት ምስክር?" አለችው።

"መጀመሪያ 'ሐሰተኛ ምስክር' ብለሽ ጻፊኝ" አላት። "ልጁ ጋ ቀጥለን እንደርሳለን።"