የሰኞ ማህበር

መገርሳ የሞተው ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ስልኩ ሲጠራ ገብረየስ ፉሪ ያለችውን ፀጉር ቤት ለመክፈት ቁልፍ እያወጣ ነበር። የደወለችው የመገርሳ ባለቤት ተረፈች ናት። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም።

«ገብሬ፣ ምላጭህን ይዘህ ና» አለችው።

በሩን ሳይከፍት ቁልፉን ኪሱ ከተተና የሰበታን ታክሲ ያዘ።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የመገርሳ አባት በሬ ጠምደው ያርሱት ከነበረው መሬት በተረፈችው ቁራሽ ላይ ነው። ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ። ገናዦቹ ገና አልደረሱም። ተረፈች ደጅ ላይ ጠብቃው፣ መገርሳ በሕመሙ ምክንያት ሰሞኑን ጢሙን እንዳልተላጨ፣ እንደዚያ ሆኖ ደግሞ ከቤት ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረችው። ይህን የምትጠይቀው ሌላ ሰው አልነበራትም። ሁለቱ ወንዶች ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ቆመው የሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ፣ አንዱ የሌላውን ጢም ሲላጭ የኖሩ ናቸው።

ገብረየስ ለብ ያለ ውሃ አስመጣ። ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ ቀባው። ምላጩን በአልኮል ጠረገ፤ ለማን ብሎ እንደጠረገው አላሰበም፣ እጁ የለመደው ነው። ከጆሮው ሥር ጀመረ። ጉንጩ ቀዝቅዟል፤ ቆዳው ግን የሚያውቀው ቆዳ ነው። አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳያያት ዞራት። አንገቱ ጋ ሲደርስ፣

«ቀና በል እስቲ» አለው።

ያለውን ራሱ የሰማው ካለው በኋላ ነው። ምላጩን ይዞ ቆመ። አንድ ነገር ከውስጡ የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። ምንም አልመጣም። በግራ እጁ የመገርሳን ራስ ቀና አደረገና ሥራውን ጨረሰ።

ቀብሩም ላይ እንደዚያው ነበር። ጓደኞቻቸው ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከሱሉልታ መጥተው ነበር። ትልልቅ ወንዶች ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ አየ። አፈሩ ሲመለስ አየ። ሰው እየመጣ ትከሻውን እየነካ፣ «ጀባዱ፣ በርታ» ይለዋል። እሱም በረታ፤ መበርታቱ ምንም አላስቸገረውም። ድንኳኑ ውስጥ ከቀረበለት ንፍሮ አንድ ጭብጥ ይዞ፣ እስኪመሽ ድረስ እንደያዘው ተቀመጠ።

እነዚያ ከየአቅጣጫው የመጡት ሰዎች የሰበታ ፀጉር አስተካካዮች ሠራተኛ ማህበር አባላት ናቸው። ማህበሩን የወለደው የመገርሳ እግር ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ያን ጊዜ ገብረየስና መገርሳ አስፋልቱ ዳር በነበረው በኦቦ ዲሪርሳ ፀጉር ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። እሑድ የለ፣ በዓል የለ፤ ሙሉ ቀን ቆሞ መዋል ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንኳ መቀመጥ ክልክል ነበር፤ ወንበሩ የደንበኛ ነውና። አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ የመገርሳ እግር ከማበጡ የተነሳ ጫማው አልወልቅ ብሎ በመቀስ ተቀደደ። መገርሳ የተቀደደውን ጫማ አይቶ ሳቀ።

«እግዜር እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፏል» አለ፤ «እምቢ ያለው ዲሪርሳ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት መዞር ጀመሩ። ገብረየስ በልጅነቱ ከደብረ ታቦር የመጣ፣ ከመናገሩ በፊት ሦስቴ የሚያስብ ሰው ነው። መገርሳ ግን ደንበኛ አንገት ላይ ጨርቅ እያሰረ በኦሮምኛ የጀመረውን ጨዋታ በአማርኛ የሚጨርስ፣ የጠላውንም ሰው የሚያስቅ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ሦስት አራት ሠራተኛ ብቻ ስላለው ብቻውን ማህበር ማቋቋም አይችልም። ትንንሾቹ ቤቶች ተጣምረው አንድ ማህበር እንዲሆኑ ግን ሕጉ ይፈቅድ ነበርና እንደዚያው አደረጉ። መገርሳ ሊቀመንበር፣ ገብረየስ ጸሐፊ ሆኑ። የጠየቁት በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ነው፤ እሱም ገበያ የሚቀዘቅዝበት ሰኞ። ባለቤቶቹ ሳቁባቸው።

በዚያ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ስዑር ጠዋት፣ የሰበታ ወንድ በሙሉ እንደ ወትሮው ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። ቶንዶስ የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ፀጉር አስተካካዮቹ ሁሉ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ በየበሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁዳዴውን ሙሉ ፀጉሩን ያሳደገ ሕዝብ ከደጅ ደጅ እየዞረ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ለመነ፤ ኋላ ላይ ቁጣውን ወደ ባለቤቶቹ አዞረ። ኦቦ ዲሪርሳ ከሰዓት በኋላ መጥተው መገርሳ ፊት ቆሙ። እሺ ለማለት አፋቸው እምቢ አላቸውና ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሠራተኞቹ ከተቀመጡበት ተነስተው እስኪጨልም ድረስ ቆረጡ። ገብረየስ ዛሬ ድረስ የሚያስታውሰው በየቤቱ ወለል ላይ የተከመረውን ፀጉርና የመገርሳን ፉጨት ነው።

ሰኞ የእነሱ ሆነ። በሴቶች ፀጉር ቤት የሚሠሩ ልጆች ይህን ሰምተው፣ እኛንም አስገቡን ብለው መጡ። መገርሳ ወዲያው ይግቡ አለ። ሌሎቹ፣ የሹሩባ ሥራ ሌላ ነው፣ ይታይ አሉ። ሳይታይ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የአስፋልቱ ዳር ቤቶች በሙሉ ፈረሱ። የኦቦ ዲሪርሳም ቤት አልቀረም። አባላቱ ሥራ ወደተገኘበት ተበተኑ፤ አንዱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ሌላው ገላን የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩበት። ጆኒ የሚባለው ሱሉልታ ወጥቶ ወንድሙ በከፈተው ፀጉር ቤት ገባ። ገብረየስ ፉሪ ተቀጠረ። በሄዱበት ሁሉ ሰኞን የሚያውቅላቸው ጥቂት ሰው ነው። መገርሳ ከዲሪርሳ ቤት በኋላ ብዙም አልሠራም፤ ልቡ እየደከመ ነበር። ሰኞ ሰኞ ለጠበል እሄዳለሁ ይል ነበር።

የመገርሳ ሞት አንድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በሕጉ ማህበር ከአስር ሰው ካነሰ ማህበር መሆኑ ይቀራል። እሱ አስረኛው ነበር።

ገብረየስ ለሐዘኑ ጢሙን አሳደገ። ፉሪ ያሉ ደንበኞቹ ጢማም ፀጉር አስተካካይ በመስታወት ሲያዩ ይገረማሉ፣ ሲነገራቸው ነፍስ ይማር ይላሉ። እሱ ይቆርጣል፣ ያራግፋል፣ ቀጣይ ይላል። ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ባለቤቱ አጸደ በሐዘኑ ወቅት ያልወጣ እንባ በሽታ ይሆናል ብላ አጥብቃ ብትነግረው፣ የታመመ ነገር እንደሌለው ነገራት። እውነቱን ነበር፤ የሚያመው ቦታ ቢፈልግም አላገኘም።

አርባው ካለፈ በኋላ አባላቱ ማህበሩን በወግ ለመዝጋት ሰኞ ቀን በእድሩ አዳራሽ ተቀጣጠሩ። ጆኒ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ከቦርሳው ምላጭና ፎጣ አውጥቶ ገብረየስን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጢሙን አነሳለት፤ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ፣ «በቃ ይበልህ» አለውና ዕቃውን ሰበሰበ።

ስብሰባው እንደተጀመረ ሦስት ወጣት ሴቶች ገቡ። ከፊት ያለችው ዕድላዊት የምትባል፣ ቡራዩ በሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ ናት። መገርሳን ፍለጋ ሰፈሩ መጥታ መሞቱን የሰማችው እዚያው ነው፤ ስለ ስብሰባው የነገረቻት ተረፈች ናት። ዘጠኙ ወንዶች ዞረው አዩዋት።

«ጋሽ መገርሳ ሰኞ ሰኞ ቡራዩ ይመጡ ነበር» አለች። «ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸው እስኪመለስላቸው እንጠብቃቸዋለን። ከዚያ ይነግሩናል፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ፋሲካው። ወንዶቹ እሺ የሚሉበት ቀን ይመጣል፣ እናንተ ብቻ አትበተኑ ይሉን ነበር። ሰባት ነን። አልተበተንንም።»

ገብረየስ ጠበል የተባለው ይህ መሆኑ ገባው። መናደድ ወይም መደነቅ እንዳለበት አወቀ። ሁለቱም አልመጡለትም፤ የልጅቷን እጆች ብቻ ያይ ነበር፣ ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል።

ጆኒ ተነስቶ በጨዋ አንደበት ተቃወመ። ሰበታና ቡራዩ በአስተዳደር አንድ ከተማ ቢባሉም ሥራቸው አንድ እንዳልሆነ፣ የሞተን ነገር በክብር መቅበር እንደሚሻል ተናገረ። አንዳንዱ ደገፈው፣ አንዳንዱ ተቃወመው። ሴቶቹ ይግቡ ወይስ ማህበሩ ይዘጋ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአራት ሆነ። ሁሉም ወደ ገብረየስ ዞሩ። ለሴቶቹ የሚሰጥ ድምፅ ሲጠራ እጁ ወደ ላይ ወጣ። ያሰበበት አይመስለውም፤ ቀና አለና እጁን እዚያ አየው።

በሰርጉ ወራት የቡራዩ ልጆች የፀጉር ቤታቸውን ባለቤት ወይዘሮ ብርሃነሽን የሰኞ ዕረፍትና በሥራ መሐል የሚቀመጡበት በርጩማ ጠየቁ። ወይዘሮዋ የቤት ልጆቼ እያልኩ አኑሬያችሁ ብለው አለቀሱ። የሙሽሮች ቀን በሆነ በአንድ ቅዳሜ ሰባቱም ደጅ ተቀመጡ። ገብረየስ ከፉሪ ፈቃድ ጠይቆ ሄደና አብሯቸው ተቀመጠ። ዕድላዊት ምን እንድታደርግ እንደሚመክራት ጠየቀችው።

«ቁጭ በይ» አላት። «ሌላ ያደረግነው ነገር የለም።»

ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው መኪና ውስጥ ጠበቁ። ቀትር ከመድረሱ በፊት የሰኞ ዕረፍት ተፈቀደ። በርጩማው አልተፈቀደም። ማርቲ የምትባለው፣ አፏ ፈጣን የሆነችው ልጅ፣ በሳምንቱ ያለምንም ምክንያት ተባረረች። ማህበሩ ተከራክሮ ሊያስመልሳት አልቻለም። ሥራ ያገኘላት ጆኒ ነው፤ ሱሉልታ ከወንድሙ ቤት አጠገብ ወዳለ የሴቶች ፀጉር ቤት ወስዶ አስገባት። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብርዱን ከቻለች ትሥራ አለ። ሊቀመንበርነቱን ዕድላዊት ያዘች። ገብረየስ የማህበሩን ማህተም በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጣት፤ እሷ በሁለት እጇ ስትቀበለው ቀላል መሆኑ የገረማት መሰለ።

ይህን ሁሉ ለተረፈች ለመንገር አንድ ሰኞ ሰበታ ወረደ። ጓሮ አገኛት፤ የጎረቤት ላም ገብታ ጎመኗን በልታባት፣ የወደቀውን አጥር እያቃናች ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ። እሱ ቆሞ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ተረፈች ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችው።

«ቡራዩ እንደሚሄድ አውቅ ነበር» አለች ሲጨርስ። «ታክሲ ድረስ የምሸኘው እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ዕረፍ ትለዋለህ ብሎ ነው። አንተ ካልከው ደግሞ ያርፋል።»

ገብረየስ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ዞር ያለ መሰለው፤ ሆድ ሲባባ እንደሚሆነው፣ ግን ከሩቅ። እንባ ግን አልሆነም። ተረፈች አልጠበቀችውም። የአጥሩን ምሰሶ አቃንቶ እንዲይዝላት ነገረችው፣ ሰኞ ሰኞ መምጣት ከቻለም ብቻዋን የማይሆንላት ብዙ ሥራ እንዳለ ጨመረችለት። እመጣለሁ አላት። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ምሰሶውን በሁለት እጁ ያዘ። እሷ ሥሩን በድንጋይ ትጠቀጥቃለች። ጥቂት ቆይታ ምሰሶውን ነቅነቅ አድርጋ አየችውና ገና ነው አለች። ገብረየስ ሌላ ድንጋይ ሊያመጣ ሄደ።