በመቀነት የታሰረው ደብዳቤ

«እዚያ ደካ ብትታመምብኝ ማን ይደርስላታል?»

እማማ በዛወርቅ ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጡ ይህን ራሳቸውን ጠየቁ። ጎንበስ ባሉ ቁጥር መቀነታቸው ውስጥ የቋጠሩት ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ለቀስተኛው እንዳይሰማ ብለው ልቅሷቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ባለቤታቸው አቶ ወልደሥላሴ የተቀበሩት ትናንት ነው። ደብዳቤው የመጣው ግን ሰኞ፣ እሳቸው ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሠናይት አያቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሳለች ነበር። የትምህርት ቢሮው ተላላኪ ለእማማ ሰጥቷቸው ሄደ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋልና አንባቢ አላስፈለጋቸውም። ሠናይት ደካ በምትባል ሩቅ የገጠር ቀበሌ በመምህርነት ተመድባለች፤ እስከ አርብ ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አንብበው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወደዚያ የሚሄደው መኪና ከቀትር በኋላ ይነሳል።

«ሲጋራ ያቆመ ሰሞን ትዝ ይልሻል በዛ?» አሉ የሟች ጓደኛ ጋሽ ጣሰው ከበሩ አጠገብ። «በሲጋራው ፈንታ ኪሱን ቆሎ ይሞላና፣ ኪሱ ተቀዶ፣ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እስከ ገበያ ሲከተለው!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እማማም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

አቶ ወልደሥላሴ በየእንቁጣጣሹ አዲሱን ካላንደር ከመስቀላቸው በፊት ጀርባው ላይ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስጽፉ ነበር፤ እያንዳንዱ የዓመት ሐሳቡን፣ በገዛ እጁ። «ሲጋራ አቆማለሁ» ባሉበት ዓመት ጥቅምት ላይ ሲያጨሱ ተያዙ።

«እንግዲህ ለከርሞ ያድርስህ» ብለው አፌዙባቸው እማማ።

«ለከርሞ ምን አስቀመጠኝ? ጥቅምት ላይ ከወደቅሁ ኅዳር ላይ እጀምራለሁ።»

ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያም አላጨሱም።

ዘንድሮ፣ ራዲዮው ሁሉ ሁለት ሺህ ገባ እያለ ሲዘፍን፣ ሠናይት «አስተማሪ እሆናለሁ» ብላ ጻፈች። እማማ እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ «በፍርሃቴ ሠናይትን አላስቀራትም» ብለው ጻፉ። ሽማግሌው አነበቡና፣ «ከኔ ሲጋራ የባሰ ነው የያዝሽው!» ብለው ሳቁ።

«እትዬ በዛ» አለች ጎረቤታቸው ይመኙሻል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፤ «ልጅቷ ከጉያዎ አትራቅ። የምትጠብቀው ምደባ እንደሆነ ለከርሞም ይደርሳል።»

ለከርሞ። እማማ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ካላንደር ቀና አሉ። ጥቅምት ነው።

«ሠናይት! ነይ እስቲ እዚህ!»

ብርጭቆ ስታጥብ ከነበረችበት ጓዳ እጇን እያደራረቀች መጣች። እማማ ለቀስተኛው ፊት መቀነታቸውን ፈቱ።

«ሰኞ ነው የመጣው። ደበቅሁብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወረቀቱን ዘረጉላት። ሠናይት ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።

«ኧረ እትዬ በዛ!» አለች ይመኙሻል። «ነገ ሣልስቱ አይደለም እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ሣልስቱን እኔ እቀመጥለታለሁ። እሷ የጻፈችውን ትፈጽምለት።» ወዲያው ግን አላስቻላቸውም፤ «የአያትሽን ቦት ጫማ አድርጊ፣ ጭቃው አይጣል ነው። ይሰፋሻል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፊበት። ውኃ ሳታፈዪ እንዳትጠጪ። በርሽን…» የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

ሠናይት ጓዳ ገብታ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። የአያቷ ቦት ጫማ እግሯ ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷን ነክሳለች። ፍራሹ አጠገብ ስትንበረከክ እማማ ቁጣዋን ሊቀበሉ አንገታቸውን ደፉ።

እሷ ግን የተፈታውን መቀነት ከፍራሹ ላይ አነሳችና ወገባቸው ላይ ጠመጠመችው። ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ መኪናው ወጣች።