ቀይ ራስ ያላት ዝንብ

የዶነካን ዝንብ የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ በዚያ ሐይቅ ዳር የለም። ዓሣ ማታለያዋን ዝንብ ይበሏት እንጂ ዝንብ አትመስልም። መንጠቆ ላይ የአጋዘን ጭራ፣ የአውራ ዶሮ ላባና ከገና ዛፍ የተረፈ ብልጭልጭ እየደራረበ ያስራታል፤ ውሃ ስትገባ ልክ እንደ ትንሽ ዓሣ ትዋኛለች። ሲጨርስ ራሷን በሚስቱ በብሪዳ ደማቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ይቀባታል። ብሪዳ፣ "ከኔ ይልቅ ያንተ ዝንቦች ተኳኩለው ኖሩ" እያለች ትነጫነጫለች፤ ቀለሙ ሲያልቅ ግን ገዝታ የምትመጣው እሷው ናት።

ዶነካ ዕድሜውን ሙሉ የዳቦ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ብርዱ ሲገባ በመጠጥ ቤቱ ጓዳ መንጠቆ መቆንጠጫ ሞርሳውን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ የአጥማጆች ማኅበሩን አባላት ዝንብ ማሰር ያስተምራል። ቀልድ ይወዳል፤ የሽቦ ነገር ሲነሳ ግን ቀልድ የለም። ፓይክ የሚባለው የሐይቅ ዓሣ ጥርሱ ምላጭ ነው። ዝንቧን ከክሩ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ከሌለ ክሩን በጥሶ መንጠቆውን በጉሮሮው እንደያዘ ይሄዳል፤ ከዚያ መብላት ያቅተውና ቀስ በቀስ ይሞታል። ስለዚህ ዶነካ ዝንብ ለብቻዋ አይሰጥም። ከተጠቀለለ ሽቦ ጋር በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያደርግና ተቀባዩን እጁን አስነስቶ፣ "ሽቦ ሳልይዝ ፓይክ ፊት አልቆምም" ብሎ ያስምለዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊያክራ ሳይቀር ምሏል። በማኅበሩ ደንብ የተያዘ ፓይክ አይበላም፣ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ያለ ሽቦ አጥምዶ የገደለም ይባረራል።

መንጠቆውንም ቢሆን ይመርጣል። ለፓይክ ሆን ብሎ የሚዝገውን ያደርጋል፤ ዓሣው ይዞት ቢጠፋ እንኳ ከጊዜ በኋላ በዝገት ተበልቶ እንዲረግፍለት ነው። የማይዝገውን መንጠቆ የሚያስረው ባስ ለሚሉት የባሕር ዓሣ ብቻ ነው፤ እዚያ ጨዉ ብረት ይበላል። ባስ ክር የሚበጥስ ጥርስ ስለሌለው ሽቦም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው በመስከረም አንድ ቀን፣ ባሕር ውሎ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ መኪናውን ሐይቁ ዳር ያቆመው። የቆመው ሽንቱን ሊሸና ነበር። ቄጠማው ሥር ውሃው ሲናወጥ አየ። ትልቅ ፓይክ ናት። የባሕር ማጥመጃ ዘንጉ መኪናው ውስጥ ነው፤ የባሷ ዝንብም ክሩ ላይ እንደታሰረች ናት። ሽቦው ቤት ቀርቷል።

"አንዴ ብቻ" አለ ለራሱ። ስንቱን ተማሪ ይችን ቃል ሲናገር ሰምቶ አፉን አስይዟል! ወረወረ። ፓይኳ መጣች፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ወዲያው ክሩ ላላ። ጫፉን ቢያየው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ዶነካ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው የለም። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር፤ በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ይኸው እፎይታ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ፊያክራ ፓይኳን ቄጠማ ውስጥ ሞታ ተንሳፍፋ አገኛት። ከስታ ራስ ብቻ ሆናለች። ጉሮሮዋን ሲከፍተው ቀይ ራስ ያላት ዝንብ፣ ሽቦ የሌላት፣ ተሰንቅራ ነበር። በልጋግ እንደተሸፈነች አምጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ከተታትና መጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ አስቀመጣት፤ ሁሉ ይያት ብሎ።

"እስቲ ዘንድሮ ከዶነካ እጅ ቀይ ራስ የተቀበለ ማነው?" አለ ፊያክራ።

"ማን ይሆናል? ያ ፖላንዳዊ ነዋ" አለ ሥጋ ሻጩ ሙርታ። "እነሱ ሲይዙ ይቀቅላሉ፣ ሲያመልጣቸው ይገድላሉ።"

ፖላንዳዊው ዊቶልድ በሥጋ ፋብሪካው የሚሠራ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ዶነካ ካስተማራቸው ሁሉ እንደሱ እጁ የተባረከ አልገጠመውም፤ ለብሪዳ ስንት ጊዜ ነግሯታል።

"ዶነካ፣ ለዊቶልድ የሰጠሃት ናት?" ፊያክራ ጠየቀው።

ዶነካ ብርጭቆው ውስጥ አየ። የሚስቱን የጥፍር ቀለም አየ። "የኔ ናት" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እነዚያ ያስማላቸው ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን ተክለውበታል።

"ሊሆን ይችላል" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞርሳውን አልነካም። ብሪዳ፣ "አሞሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?" ስትለው ብርዱን አሳበበ። ሌላ ማንም ባያውቅ እንኳ እሱ ራሱን ያውቀዋል፤ በውሸቱም ሰው ከማኅበሩ ሊባረር ነው።

ማኅበሩ ሐሙስ ማታ ተሰበሰበ። ዊቶልድ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፊያክራ ብርጭቆውን ገፋ አደረገለት፤ "ይህችን ታውቃታለህ?"

ዊቶልድ ዝንቧን መዳፉ ላይ ገልብጦ ልጋጓን በአውራ ጣቱ ጠረገ። መንጠቆው ብልጭ አለ። ያን ያህል ጊዜ ውሃ ውስጥ ከርሞ የዝገት ነጥብ እንኳ የለበትም። ዊቶልድ ባሕር ወርዶ አያውቅም፤ ዶነካም የባስ ዝንብ ሰጥቶት አያውቅም። ቀና ብሎ መምህሩን አየው፣ ዶነካም እንዳወቀበት አወቀ።

"መምህር፣ እርስዎ ይዩዋት" አለና ዝንቧን ዘረጋለት። "የዊቶልድ ናት ካሉ የኔ ናት፤ እወጣለሁ።"

ዶነካ ተቀብሏት ወደ ፊያክራ ዞረ።

"የኔ ናት።"

"የሠራሃትማ አንተ ነህ" አለ ፊያክራ፤ "የምንጠይቀው የወረወራትን ነው።"

"እኔ ነኝ የወረወርኳት። ያለ ሽቦ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። "ተመልከቱልኝ ይህን ሰው!" አለ ሙርታ። "ለዚህ ብለህ ስምህን ታጠፋለህ? ደግነትም ልክ አለው እኮ!"

ዶነካ ይህን አልጠበቀም። ስድብ ይወርድብኛል ብሎ ነበር፤ ጭራሽ ደግ አደረጉት። እየለመነ ማስረዳት ግድ ሆነበት፤ መንጠቆውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ የባስ መሆኑን፣ የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን እንዳየ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ፊቱ ደም መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ፊያክራ መንጠቆውን ተቀብሎ አገላበጠው።

"ቆይ፣ ልትሸና ቆመህ?" አለ ፊያክራ፤ ከዚያ እንደገና ሳቁ፤ የዘመድ ሳቅ። "በቃ፣ ማን የማይሳሳት አለ? አንድ ፓይክ እኮ ናት። ለዶነካ ቅዱለት! ጉዳዩ በዚሁ ተዘግቷል።"

ሙርታ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለዊቶልድ ይቅርታ ያለው የለም። ወንበር የሳበለትም የለም። ዊቶልድ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ዶነካ ብቻ ሰማ፤ ተከትሎት ወጣ።

ውጭ ዝናብ ያካፋል። ዊቶልድ የብስክሌቱን ቁልፍ እየከፈተ ነበር።

"ዊቶልድ፣ ልነግራቸው አስቤ ነበር…"

"ነገርካቸው፤ ሰማሁ።" መምህር ማለቱንም እርስዎ ማለቱንም ትቶታል። "ፓይኳን ተዋት። እኔንም አንድ ቀን ሰይጣን አሳስቶኝ ያለ ሽቦ እወረውር ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ግን ሙርታ ፋብሪካው በር ላይ አግኝቶኝ፣ 'መምህርህ ራሱ መሰከረብህ' አለኝ። ውሸታም ብዬ በሰው ፊት ሰደብኩት። ዶነካ እንዲህ አይልም፣ አልኩት።"

ዶነካ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

ዊቶልድ ከኪሱ ጠርዙ የተበላ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤ በዶነካ እጅ የተሰጠው ነው። ዝንቧ በብዙ ፓይክ ጥርስ ተነክሳ ላባዋ ሳስቷል፤ ሽቦው ግን ተወልውሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"አንድም ቀን ያለሱ አልወረወርኩም" አለ። "እንካ። ከኔ ይልቅ ላንተ ያስፈልግሃል።"

ቀፎውን መዳፉ ላይ አስቀምጦለት ብስክሌቱ ላይ ወጣ። የኋላ መብራቱ ድልድዩ ላይ እስኪጠፋ ዶነካ አየው። ከውስጥ ፊያክራ፣ "ዶነካ! መጠጥህ እየጠበቀህ ነው እኮ!" እያለ ይጣራል። ዶነካ ቀፎውን ጨብጦ ዝናቡ ላይ ቆመ፤ መግባትም አፈረ፣ ወደ ቤቱ መሄድም አፈረ።