የመርከቧ ሞራ

ፉሳኤ እጇ ፈጣን መሆኑን ያን ጸደይ እንደረገመችው ረግማው አታውቅም። በዚያ የመርከብ ግቢ ካሉት ሴት በያጆች ሁሉ የእሷ ሥራ ቶሎ ያልቃል፣ ደግሞም አይሰነጠቅም። አለቆቹ ሌሎቹን ሲቆጡ "ፉሳኤን አታዩም?" ይሉ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባላት። አሁን ግን እሷ አንድ ብረት ካንዱ ባጋጠመች ቁጥር ባሏ ወደ ጦር ሜዳ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ ይህን እያወቁ እንዴት ደስ ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ዮሄይ የመንሸራተቻው አለቃ ነው፤ ተሠርታ ያለቀችን መርከብ ከየብስ ወደ ባሕር የሚያወርዳት እሱ ነው። መርከብ የሚሠራ ወንድ ደግሞ ለጊዜው ለዘመቻ አይጠራም። ታዲያ አሁን መንሸራተቻው ላይ ከተቀመጠችው አጃቢ የጦር መርከብ በኋላ ለሌላ የሚሆን ብረት የለም። ጮክ ብሎ የሚናገረው አይኑር እንጂ ይህን የማያውቅ አልነበረም። መርከቧ ውሃ በነካች ማግሥት ለመንሸራተቻው ወንዶች ቀዩዋ የጥሪ ወረቀት ትመጣለች። ያን ዓመት ወረቀቷ ደርሳው ሄዶ ሲመለስ የታየ ሰው ደግሞ የለም።

መርከቧስ ብትሆን ምን መርከብ ናት! የድሮዎቹ በነፋስና በጨረቃ ስም ይጠሩ ነበር። እነዚህ የጦርነቱ መጨረሻ ልጆች ግን ጥድ፣ ቀርከሃ፣ ኮክ እየተባሉ የዛፍ ስም ወጣላቸውና መርከበኞቹ "ቁጥቋጦዎቹ" እያሉ አፌዙባቸው። ጥምዝ ሥራ ጊዜ ይበላል ተብሎ ጎናቸው ቀጥ ተደርጎ፣ ቁርጥራጫቸው ሌላ ቦታ ተበይዶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ሣጥን ነገር ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እነዚህ ግን ሞኝህን ፈልግ ብለው አልፈታ አሉ። ሞተሮቻቸው በተለያየ ክፍል ስለተቀመጡ አንዷ ግማሽ ሞተሯ ተመትቶ በቀረው እያነከሰች ወደቧ ገባች የሚል ወሬ ደርሶ፣ ግቢው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። ፉሳኤም ያን ቀን ኮርታለች፤ ሐሰት ለምን ይወራል።

የመጀመሪያ ዘዴዋ የቀን አቆጣጠሩ ነበር። መርከብ የሚወርደው ባሕሩ ከፍ ብሎ ሲሞላ፣ ማለትም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ጨርሳ ስትጠፋ ነው። የተቆረጠው ቀን ደግሞ በአገሩ አቆጣጠር እየተፈራረቁ ከሚመጡት ስድስት የዕድል ቀኖች ሁሉ የከፋው፣ ሠርግ የማይሠረግበት፣ አዲስ ቤት የማይገባበት ቀን ላይ ዋለ። ፉሳኤ ይህን አየችና ለጎረቤቷ ለእትዬ ኖቡ ሹክ አለቻቸው። ለእትዬ ኖቡ ሹክ ማለት ለገበያ መንገር ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ገባ፤ እሱም በአጉል እምነት እንደማያምን ለሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ቀኑን ለወጠው።

ፉሳኤ እስከ ቀጣዩ ሙላት ግማሽ ወር አገኘሁ ብላ ልቧ ዘለለ። ምን ዋጋ አለው! ለካ ሙላቱ ከሙሉ ጨረቃ በማግሥቱ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም፤ ማግሥቱ ደግሞ ከስድስቱ ሁሉ የተባረከው ቀን ነው። አልሸሹም ዞር አሉ። መርከቧ አንድ ቀን ዘግይታ፣ ያውም ተመርቃ ልትወርድ ሆነ።

ያኔ ነው ዓይኗ ሞራው ላይ ያረፈው። መርከብ በደረቅ እንጨት ላይ አትንሸራተትም፤ ሳንቃው በበሬ ሞራና በአኩሪ አተር ዘይት ድብልቅ በወፍራሙ መቀባት አለበት። በርሜሎቹ ከብየዳው ቦታ ጀርባ፣ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ሞራው ከጎደለ ቅባቱ ይሳሳል፤ ቅባቱ ከሳሳ መርከቧ ትያዛለች፤ መርከቧ ከተያዘች ዮሄይ ቤቱ ይቆያል። ፉሳኤ ይህን አሰበችና ባዶ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ገባች።

ሞልታ ከወጣች በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። የት ትድፋው? በከተማው ዘይት የሚባል ነገር ጠፍቶ ሰው የተቀቀለ ስኳር ድንች እያየ በሚያለቅስበት ዘመን ይህን የመሰለ ሞራ መድፋት ግፍ ነው። ስለዚህ ድንቹን በስሱ ቆረጠች፣ በቀራት ዱቄት ቀጭን ሊጥ በጠበጠች፣ እየነከረች ጠበሰችው። ዮሄይ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆም አለ፣ አየሩን ሳበ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ተቀምጦም በላ። ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ሳህኑን ዘርግቶ ጨምሪልኝ ብቻ አላት። ቀኑን ሙሉ ሞራ ሲያሸት የሚውል ሰው አፍንጫው ቢደነዝዝ አይፈረድበትም ብላ ተጽናናች።

የሥራ ጓደኛዋ የኩኒ አፍንጫ ግን ደህና ነበር። ፀጉርሽ ጥብስ ጥብስ ይላል ብላ ያዘቻት፤ ፉሳኤም ምላሷን አልቻለችም፣ ነገረቻት። በማግሥቱ ኩኒ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጋዘን ገባች፤ ቀጥሎ የኩኒ እህት፤ ቀጥሎማ ማን ያልገባ አለ? ሳምንቱ ሳያልቅ ከግቢው ጀርባ ያለው ረድፍ ቤት ሁሉ አመሻሹ ላይ ችስ ይል ጀመር። ድንች ያለው ድንች፣ ድንች የሌለው የሜዳ ቅጠል ጠበሰ። ከስቶ የነበረው ሰው ፊቱ ወዝ አወጣ። እትዬ ኖቡ የእሳት ማጥፋት ልምምድ ላይ ባልዲ እያቀበሉ ሳለ አገሱና፣ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲውን አስቀምጦ ሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። ካህኑ ጸሎቱን አድርሶ የሩዝ አረቄውን ቀዳ፤ ከባሕር ኃይል የመጣው ሻለቃ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ የመርከቧን ስም አነበበ፤ እሷም እንደ እህቶቿ ዛፍ ሆነች። ሴቶቹ በያጆች በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። ዮሄይ ድጋፎቹን አንድ በአንድ አስነቅሎ ፈቀቅ አለ። ሻለቃው በትንሽ መጥረቢያ መርከቧን ይዞ የቆየውን ገመድ ቆረጠ።

መርከቧ ቋ አለች፤ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተችና ቆመች። የሚያጨበጭቡት እጆች አየር ላይ ቀሩ። ሴቶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ፤ ኩኒ በመዳፏ አፏን ሸፈነች።

ፉሳኤ ደስ ሊላት ሲጀምር የዮሄይን ፊት አየች። ባሏ እጁ ላይ መርከብ ተይዛበት አታውቅም፤ ይህንንም ሰክሮ ካልሆነ አይናገርም እንጂ በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አሁን በሰው ሁሉ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሻለቃው ደግሞ ይህ የአሻጥር ሥራ ነው፣ ወታደራዊ ፖሊስ ይጠራ እያለ ይጮኻል። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ዮሄይ ግን ቀደማት።

"ብርዱ ነው ጌታዬ" አለ። "ሌሊት ሞራው ደረቀ። ዘይት መጨመር ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሻለቃው ደደብ አለው፣ ከደደብም የባሰ አለው፣ ዛሬውኑ ጠመንጃ አሸክሜ እልክሃለሁ አለው። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በትሕትና፣ መርከቧን የሚያወርድ ሌላ ሰው እንደሌለ አስረዳ። ባሕሩም እስኪከራከሩ አልጠበቀም፤ መሸሽ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ መርከቧ በድጋፍ እንድትያዝ፣ ዮሄይም እስከሚቀጥለው ሙላት ከመንሸራተቻው ሥራ እንዳይነሳ ታዘዘ።

ማታ ቤት ገብቶ ታጠበና ተቀመጠ። ፉሳኤ ከፊቱ ተንበረከከች። ስለ ቀኑ፣ ስለ ምሳ ዕቃው፣ ስለ ኩኒ፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው፤ ስምህን አጠፋሁት፣ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ብላ አለቀሰች።

"አውቃለሁ" አላት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ሳህን። በእጄ የማቦካውን ሞራ ሽታ ልስተው?"

እንግዲያው ለምን ዝም አልክ፣ ለምንስ ሌላ ሞራ አላስመጣህም አለችው። ዮሄይ የእጁን መዳፍ ገልብጦ አየው።

"እናንተ የበላችሁትማ ለአንድ ጀልባ አይበቃም" አለ። "ያልተከፈተ በርሜል አሁንም መጋዘኑ ውስጥ አለ። ሳንቃውን ያሳሳሁት እኔ ነኝ።"

ፉሳኤ እንባዋን ጠርጋ አፍጥጣ አየችው። ይህ ሰውዬ ዘማች ሲሸኝ ባቡር ጣቢያ ባንዲራ ይዞ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ነው።

"መሄድ አልፈልግም ፉሳኤ" አላት ቀስ ብሎ። "ፈራሁ።"

በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ዓመት፣ ይህን ቃል ከአፉ ያወጣ ወንድ አልነበረም። ፉሳኤ ተነስታ በሩን ዘጋች፤ መስኮቱንም ዘጋች። ተመልሳ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ተጠግታው ተቀመጠችና፣

"ድገመው" አለችው።